ባዶ ሳጥኖቹን ቫይረስ ያልኩ ዕለት

ሥራ የጀመርኩት እንጅባራ፣ በእትዬ ዘምዘም የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነው። ሰኞ ጠዋት ነበር። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ የሦስት ወር ሥልጠና ሰርተፊኬቴን በፕላስቲክ አስለብጄ ደረስኩ። ሰርተፊኬቱ «በከፍተኛ ውጤት አጠናቋል» ይላል። ለአሥራ አንድ ሠልጣኝ አንድ ኮምፒውተር ስለነበረ በሦስት ወር ውስጥ ማውስ የጨበጥኩት አራት ጊዜ ብቻ መሆኑን ግን አይልም።

እትዬ ዘምዘም ሰርተፊኬቱን ዞር ብለውም አላዩት። ፈተና የሚያባዙ መምህራን በር ላይ ተሰልፈውባቸዋል። «ይኸኛው ኮምፒውተር እየተጎተተ አስቸግሮኛል፤ እስቲ እየው» አሉኝና ወደ ኮፒ ማሽኑ ተመለሱ።

አየሁት። ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ደግሜ ከፈትኩት። ከሥልጠናው በደንብ የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አሠልጣኛችን በመጨረሻው ሳምንት ያችኑ አንዲት ኮምፒውተር ፎርማት ሲያደርጋት፣ ማለት ያለባትን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጭንባት፣ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሲዲውንም ገልብጬ ይዣለሁ። ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠረግሁና እንደ ሐኪም «ፎርማት ያስፈልገዋል» አልኩ።

እትዬ ዘምዘም በአንገታቸው ያንጠለጠሉትን ክር ጎትተው ፍላሽ አወጡ። የሱቁ ቁልፍም እዚያው ክር ላይ ነው። «ቆይማ፣ መጀመሪያ ልቅዳ» አሉ። አያስፈልግም አልኳቸው። አልሰሙኝም። ፋይላቸውን እየቀዱ፣ አባታቸው የጨርቅ ነጋዴ እንደነበሩና በሕይወታቸው ሙሉ ዕቃቸውን በአንድ መጋዘን ብቻ አስቀምጠው እንደማያውቁ አጫወቱኝ። እኔ ሲዲዬን ይዤ ቆሜ፣ እኚህ ሴትዮ ወሬ ያበዛሉ እያልኩ በሆዴ አማቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ፈጥኖ ተነሣ። እትዬ ዘምዘም ፋይላቸውን ከፍላሹ መልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። ወረፋ የያዙት መምህራን «ልጁ ባለሙያ ነው» ተባባሉ። እኔም አመንኳቸው። ሴትዮዋ ባይቀዱ ኖሮ የመጀመሪያ ቀኔ የመጨረሻዬም ይሆን እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

እዚያ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ ይበቃኛል አልኩና ዳንግላ፣ አገሬ ተመልሼ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። አባቴ አቶ ይስማው ጋሪ ነጂ ነበር። ታፔላዬን ከአናጢው ቤት እስከ ሱቁ በጋሪው ያመጣልኝ እሱ ነው። መንገድ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈበት ጠየቀኝ፤ ኮምፒውተር እንጠግናለን ይላል አልኩት። ፈረሱን እያየ ትንሽ አሰበና፣ ይህ ኮምፒውተር የሚባለው ሲታመም ምን ያሳያል አለኝ። ይዘገያል አልኩት። «ፈረስ ሲዘገይ መጀመሪያ እግሩን አንሥተህ ታያለህ» አለኝ። ምክር መሆኑ አልገባኝም። ሱቁን ከከፈትኩ ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፈ።

የሥራ መሣሪያዬ አንድ ጠመንጃ መፍቻ፣ አንድ የቀለም ብሩሽና አሥራ ሁለት ሲዲ የያዘ ቦርሳ ነበር። ሲዲዎቹ ላይ ያለው ሁሉ ክራክ ነው፤ በገንዘብ የሚሸጥ ፕሮግራም ቁልፉ ተሰብሮ ማለት ነው። ቫይረስ የሚያጸዳው ፕሮግራሜ ሳይቀር ክራክ ነበር፤ ቁልፉን የሰበረው ሰው ደግሞ የራሱን ቫይረስ ጨምሮበት ነበር። ጅብ በረት እንዲጠብቅ መቅጠር በሉት። ኮምፒውተሩ በወሩ ታሞ ይመለስልኛል፤ እኔም ደንበኛ አላጣም።

አንድ ጊዜ እንጅባራ ለጉዳይ ሄጄ እትዬ ዘምዘምን ልጠይቅ ጎራ ስል፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው በነፃ የለቀቋቸው ጥሩ ጥሩ ፕሮግራሞች እንዳሉ ነገሩኝ። ሳቅሁ። በነፃ የሚሰጥ ነገር ምን ይረባል ብዬ። ልብ በሉ፣ ይህን የምለው እኔ ለአንዱም ፕሮግራም ሰባራ ሳንቲም ከፍዬ የማላውቀው ሰው ነኝ። የተሰረቀውን አከብር፣ የተሰጠውን እንቅ ነበር።

ለሁሉም በሽታ መድኃኒቴ አንድ ነው። ዘገየ፤ ፎርማት። ድምፅ ጠፋ፤ ፎርማት። ፕሪንተሩ ወረቀት ያዘ፤ እሱንም ፎርማት ልል እችል ነበር። ከጥሊሊ አንድ ሰው ሲፒዩውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሚኒባስ መጣ። አልነሣ ብሎኛል አለ። ሰካሁት፣ ተነሣ። ለካ ቤቱ የማከፋፈያው ሶኬት ማብሪያ ጠፍቶ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ባዶ እጁን ከሚመለስ ብዬ ፎርማት አደረግሁለት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህን።

ስሜ ደሳለኝ ነው፤ ዳንግላ ውስጥ ግን ደሳለኝ ብሎ ሱቄን የሚያገኝ አልነበረም። ባጃጅ ነጂዎቹ «ፎርማት ቤት» ይላሉ። እኔ እንደ ማዕረግ ነበር የምሰማው።

ጋሽ እንየው የመጡት በዚህ ማዕረግ ላይ እያለሁ ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ልጃቸው ከባሕር ዳር የላከላቸውን የቤት ኮምፒውተር በጋቢ ጠቅልለው በጋሪ አመጡት። ሲወርዱ ትኩር ብለው አዩኝና የይስማው ልጅ መሆኔን ጠየቁ። ነኝ አልኩ። ከአባቴ ጋር ብዙ ዓመት እንደተመላለሱ ነገሩኝ። ግማሹ ዳንግላ በአባቴ ጋሪ ስለተሳፈረ ነገሩ አልገረመኝም፤ ተጨማሪ አልጠየቅሁም።

ኮምፒውተሩ ለመነሣት ሩብ ሰዓት እንደሚፈጅ ነገሩኝና፣ «ጽሑፎቼ አሉበት፤ አደራ» አሉ።

ደንበኛ ሁሉ ይህን ይላል፤ መልሱም የተዘጋጀ ነበር። የኮምፒውተር ሆድ እንደ ሁለት ክፍል ቤት ነው አልኳቸው። «ሲ» የሚባለው ክፍል ውስጥ ዊንዶውስ ይኖራል፤ «ዲ» ውስጥ የባለቤቱ ዕቃ። እኔ የማፈርሰው ሲን ብቻ ነው፤ ዲን ንክች አላደርግም። ጋሽ እንየው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ሲን ፎርማት አደረግሁ። ከሲዲዬ አሮጌውን ዊንዶውስ ጫንኩ። እስከዚህ ድረስ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ከዚያ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ዲን ላጽዳላቸው ብዬ ገባሁ። አንድ ፎልደር አለ፤ ስሙ ተደርድረው የቆሙ ባዶ ሳጥኖች ናቸው። ከፈትኩት። ውስጡ ሠላሳ ስምንት ፋይል፤ የሁሉም ስም ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን።

በሙያችን እንዲህ ዓይነት ስም ሲታይ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የተበላሸ ፋይል ነው ወይ ቫይረስ። እኛ አገር ሰው ደብዳቤውን በአማርኛ ይጽፋል፤ ፋይሉን የሚሰይመው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይል በዚያ ሁሉ ዓመት አላጋጠመኝም። ስለዚህ አላቅማማሁም። የተጣለ ፋይል ወደሚቆይበት ቅርጫት እንኳ እንዳይገባ አድርጌ፣ በሁለት ቁልፍ፣ ከነፎልደሩ ሰረዝኩት። የጸዳው ቤት ባዶ እንዳይመስል ደግሞ ሰባት የህንድ ፊልም ጫንኩላቸው። ስጦታ ነው። ለአባቴ ወዳጅ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ እንየው በእግራቸው መጡ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ኮምፒውተሩ መፍጠኑን፣ ፊልሙንም ማየታቸውን ነገሩኝና አመሰገኑኝ። ከዚያ ጽሑፎቻቸውን እንዳጡ፣ ምናልባት ሌላ ቦታ አስቀምጬላቸው እንደሆነ በትሕትና ጠየቁኝ። የፎልደሩን ስም ጠየቅኋቸው። በአካባቢያችን ቋንቋ በአዊኛ ነገሩኝ፤ በአማርኛ የአዋቂዎች ቃል እንደ ማለት ነው። እንዲህ የሚባል ፎልደር አላየሁም አልኩ።

«በግዕዝ ፊደል ነው የሰየምኩት» አሉ።

ነገሩ በአንድ ጊዜ ገባኝ። የግዕዝን ፊደል የሚያሳየው ነገር ሲ ውስጥ ነበር፤ ሲን ሳፈርስ አብሬ አፈረስኩት። ፊደሉ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ በየፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን አስቀመጠ። ሳጥኖቹን የፈጠርኩት ራሴ ነኝ፤ የፈጠርኩትን ራሴ ቫይረስ ብዬ አጠፋሁት። በአዊኛ አፌን የፈታሁ ሰው፣ አዊኛን ቫይረስ ብዬ ጠረግሁት።

ለእንዲህ ያለ ቀን የተዘጋጀ ውሸት ነበረኝ። ፋይል የጠፋበት ሰው ሲመጣ «ቫይረስ በልቶት ነው» እላለሁ፤ ሰውም ቫይረሱን ረግሞ ይሄዳል። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጋሽ እንየው የሚያዩኝ አባቴን በሚያዩበት ዓይን ነው፤ አቃተኝ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ። «ቫይረስ መስሎኝ አጠፋሁት።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ነገሩኝ። ለአሥራ ሁለት ዓመት አዊኛ አዋቂዎችን እየዞሩ ሲጠይቁ ኖረዋል፤ የዛፍ ስም፣ የእርሻ ዕቃ ስም፣ የከብት በሽታ ስም፣ ልጆቻችን አማርኛውን ብቻ የሚያውቁትን ሁሉ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ፋይል አለው፤ ፋይሉም በሰውየው ስም ተሰይሟል። መጀመሪያ በደብተር ነበር የሚጽፉት። ክረምት ላይ ጣሪያው አፍስሶ ደብተሮቹ በሰበሱ፤ ደግነቱ ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው ጨርሰው ነበር። ኮምፒውተር አይረጥብም ብለው ተመችቷቸው ተቀምጠዋል።

«ከሠላሳ ስምንቱ ዘጠኙ ሞተዋል» አሉ። «የቀሩትን ዞሬ እጠይቃለሁ። እነዚያን ግን የት ብዬ?»

ኮፍያቸውን አድርገው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ኮምፒውተሩን መልሰው ይልኩት እንደሆነ ጠየቁኝ። ይላኩት አልኩ። ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር፤ የማውቀው ፎርማት ብቻ ነው።

ወደ እትዬ ዘምዘም ደወልኩ። የሆነውን ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ቀድተህ ነበር?» ብለው ነው። አልቀዳሁም። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ በርቶ እንደሆነ ጠየቁ። ማንም እንዳያበራው፣ ምንም ነገር እንዳይጫንበት አዘዙኝና ና አሉኝ። በመጀመሪያው ሚኒባስ እንጅባራ ሄድኩ።

ከኮፒ ማሽኑ ጀርባ፣ ሚስማር ላይ፣ በቀይ ክር የተንጠለጠለ ፍላሽ አለ። እዚያ ስሠራም አየው ነበር፤ ትርፍ ፍላሽ ነበር የሚመስለኝ። አውርደው ሰኩት። የዲስክን ቦታ ምን እንደበላው በሥዕል የሚያሳይ ፕሮግራም አለበት። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው እየተነሡ የሚያዘገዩትን ነገሮች የሚያጠፋ አለ። ዲስኩ ራሱ ሊሞት እንደሆነ አስቀድሞ የሚናገር አለ። የቫይረስ ማጽጃ፣ ደብዳቤና ሠንጠረዥ የሚሠራበት፣ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ፣ የተሰረዘ ፋይል የሚፈልግ። ሁሉም በነፃ የተለቀቁ ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ ሊያሳትሙ የሚመጡ ተማሪዎች ፍላሻቸው ባዶ ሆኖ ሲያለቅሱባቸው፣ አንድ በአንድ እየፈለጉ ያጠራቀሟቸው ናቸው።

እኔ በሰርተፊኬት ባለሙያ ነኝ፤ እሳቸው ኮፒ ነው የሚያነሡት። ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው።

«ነግሬህ ነበር እኮ» አሉ። «ሳቅህ።»

ከዚያ የተሰረዘ ፋይል የት እንደሚሄድ በአባታቸው መጋዘን አስረዱኝ። ፋይል ስትሰርዝ ስሙን ከመዝገቡ ፋቅህ እንጂ ዕቃው ከቦታው አልተነሣም። ቦታው ባዶ ነው ተብሎ ሌላ ዕቃ እስኪራገፍበት ድረስ እዚያው ነው። ሌላ ዕቃ ከተራገፈበት ግን አለቀ፤ ማንም አይመልሰውም።

«አራግፈህበታል?» አሉኝ።

ሰባት የህንድ ፊልም አልኳቸው። «አዬ ልጄ» ብቻ ነው ያሉት።

በማግስቱ ጠዋት የጋሽ እንየውን ዲስክ ፈትቼ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። ፍላሹን ሰካሁና ፍለጋውን ጀመርኩ፤ የሚገኘው ሁሉ በሌላ ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ አድርጌ፣ እንዳዘዙኝ። ጋሽ እንየው አግዳሚው ወንበር ላይ ናቸው። የሠላሳ ስምንቱን ሰው ስም በቃላቸው አስታውሰው ወረቀት ላይ ጽፈው መጥተዋል። እርሳስ ይዘዋል።

ፕሮግራሙ ከመቶ ስንት እንደደረሰ ይናገራል። ስድሳ ሁለት ሲደርስ መብራት ጠፋ። ሁለታችንም ጥቁሩን ስክሪን እያየን ተቀመጥን። እኔ ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት፣ እሳቸው ስለ ዘንድሮው ዝናብ ማውራት ጀመሩ፤ አሳዝኛቸው መሆኑ ገባኝ። መብራቱ ሲመጣ ከዜሮ ጀመርን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እኔ ነኝ፤ መልቀሙ ከማፍሰሱ ምን ያህል እንደሚረዝም ተረቱ አይናገርም እንጂ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ጨረሰ። ፋይሎች ተደርድረው መጡ፤ ስማቸው አሁንም ሳጥን ነው። የግዕዙን ፊደል ከፍላሹ ጫንኩ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ሳጥኖቹ ፊደል ሆኑ። አዊኛ በስክሪን ላይ ሳነብ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አፌ የለመደውን ቋንቋ ዓይኔ አያውቀውም፤ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እየቆጠርኩ አነበብኩ።

እኔ ስሙን አነባለሁ፣ ፋይሉን ከፍቼ ደኅና መሆኑን አያለሁ፤ ጋሽ እንየው በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ። አንዳንዱ ስም ሲጠራ «ነፍሱን ይማር» ይላሉ፤ ያ ከዘጠኙ አንዱ ነው ማለት ነው። ስምንት ጊዜ አሉ። ሠላሳ አምስት ፋይል ተገኘ። በቀሩት ሦስት ፋይሎች ቦታ ፕሮግራሙ የሚያገኘው የህንድ ፊልም ቁራጭ ብቻ ነው።

ደስ ብሎኝ ነበር። ሠላሳ አምስት ከሠላሳ ስምንት፤ ሰርተፊኬት የሚያሰጥ ውጤት ነው። ምልክት ያላገኙት እነማን እንደሆኑ ጠየቅሁ። አንደኛው የአዲስ ቅዳም ሰው ናቸው፤ በሕይወት አሉ። ሁለተኛዋ ጥሊሊ አጠገብ ያሉ ሴት ናቸው፤ እሳቸውም አሉ። ሦስተኛውን ሳይነግሩኝ ወረቀቱን አጠፉ። ዘጠነኛው ማን እንደሆነ ደግሜ ጠየቅኋቸው።

«ይስማው ነው» አሉ። «አባትህ።»

አባቴ ጋሽ እንየውን ወደ ትምህርት ቤት ያደርሳቸው ነበር። ለዓመታት፣ በየማለዳው፣ እሳቸው ጋሪው ላይ ሆነው ሲጠይቁት እሱ ልጓሙን እንደያዘ ሲመልስ ኖሯል። የፈረስ መልክ፣ የፈረስ አካሄድ፣ የፈረስ በሽታ፣ የዕቃው ስም፣ ፈረስ የሚባበልበትና የሚቆጣበት ቃል። ከመቶ ሃያ ቃል በላይ ነበር። እኔ በእነዚያው ዓመታት በዚያው ጋሪ እየሄድኩ እንግሊዝኛ እሸመድድ ነበር።

ጋሽ እንየው ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱ። «ኮምፒውተሩ ሲላክልኝ አባትህ፣ ልጄ ያውቃል፣ ሲበላሽ ወደ እሱ ውሰደው ብሎኝ ነበር» አሉ።

አለቀስኩ። ሱቄ ውስጥ፣ በጠራራ ቀን፣ «ኮምፒውተር እንጠግናለን» ከሚለው ታፔላ ሥር። ጋሽ እንየው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

በቀጣዩ ሳምንት ሱቄን ዘግቼ አብሬያቸው ዞርኩ። የአዲስ ቅዳሙ ሰው የከሰል ነጋዴ ናቸው። የሰጧቸውን ቃል ያጠፋሁት እኔ መሆኔ ሲነገራቸው አገላብጠው አዩኝና፣ ድሮውንም ለጋሽ እንየው ሁሉንም እንዳልነገሯቸው ገለጹ። ከበፊቱ ፋይል የሚበልጥ ቃል ይዘን ተመለስን። የጥሊሏ ሴትዮ ግን ልባቸው ደክሟል፤ ግማሹን ረስተውታል። እነዚህ ሁለቱ ይህን ያህል ሆኑ።

ከዚያ ጋሽ እንየው ሱቄ መጥተው ትይዩዬ ተቀመጡ። ደብተር ከፈቱ። «አሁን አንተ ንገረኝ» አሉ። «ከአባትህ የሰማኸውን።»

ጥላውን አይቶ የሚደነግጥ ፈረስ የሚጠራበትን ነገርኳቸው። የልጓሙን ቀለበት ስም ነገርኳቸው። አባቴ ወንዝ ከመውረዱ በፊት ፈረሱን ለማረጋጋት ዝቅ አድርጎ የሚለውን ቃል ነገርኳቸው፤ እሱን ስናገር ድምፄ የሱን መስሎ ራሴን አስደነገጠኝ። ሌላ ጠየቁኝ። አሰብኩ። የኮርቻውን ማሰሪያ በአማርኛ ብቻ ነው የማውቀው። የፈረስ ሳል የሚባልበትን ሰምቼዋለሁ፤ አይመጣልኝም። ለምሳ ሳንነሣ ጨረስን። አሥራ ዘጠኝ ቃል።

ጋሽ እንየው አሥራ ዘጠኙን ጻፏቸው። ፋይሉን በአባቴ ስም ሰየሙት፤ ከሥሩ «በልጁ በደሳለኝ የተነገረ» ብለው ጨመሩ። ከሠላሳ ስምንቱ ትንሹ ፋይል እሱ ነው።

አሁን ሱቄ የሚሠራው በቀዩ ክር ፍላሽ ቅጂ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ መጀመሪያ የባለቤቱን ፋይል በሁለት ቦታ እቀዳለሁ። ከዚያ ዲስኩ ጤነኛ መሆኑን አያለሁ፣ አብሮ የሚነሣውን ትርፍ ነገር አጠፋለሁ፣ ነፃውን የቫይረስ ማጽጃ እጭናለሁ። አባቴ እንዳለው እግሩን አንሥቼ አያለሁ ማለት ነው። አብዛኛው በዚህ ይድናል። ፎርማት በዓመት ሁለት ሦስቴ ብሠራ ነው።

ደንበኞቼ ግን አልወደዱልኝም። ኮምፒውተሩ ሳይፈታ፣ ሳይጠፋ ሲድን ምንም ያልሠራሁ ይመስላቸዋል። አንዱ፣ ፎርማት ካላደረግህልኝ ምኑን ጠገንከው ብሎ ተቆጥቶኛል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሽፋኑን ከፍቼ ፊታቸው ላይ አቧራውን በብሩሽ እጠርጋለሁ። ያን ጊዜ ይረካሉ። ባጃጆቹም አሁንም «ፎርማት ቤት» ነው የሚሉት፤ ስም ቶሎ አይሰረዝም።

የጋሽ እንየው ፎልደር እሳቸው ቤት አለ፣ እኔ ሱቅ አለ፣ እትዬ ዘምዘም አንገት ላይ አለ፣ በወረቀትም ታትሞ ሁለት ቦታ ተቀምጧል። በየጊዜው አዲስ ቃል ሲጨመር አምስቱንም እናድሳለን። የአባቴን ፋይል እየከፈትኩ አንዳንዴ እቀመጣለሁ። ባለፈው ሰኔ የፈረስ ሳል ስም መጣልኝ፤ ሃያ ሆነ።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምላችሁ ይህን ነው። ነፃው ፕሮግራም የሰረዛችሁትን ይመልሳል፤ ሌላ ነገር የጻፋችሁበትን አይመልስም። ከመንካታችሁ በፊት ቅዱ።